ሰንጋው እንዳይቀርብን

ወልቂጤ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ቀለም ረጪ ነበርኩ። ባለቤቱን ጋሼ እንላቸው ነበር፤ አሁን ግን አንቱ ለማለት አፌ እምቢ ይለኛል። የሥራ መነጽር ይገዛልን ብለን ለምነን ለምነን ሰልችቶናል። የነበሩት በጣም ከመጫጫራቸው የተነሳ አድርጎ ከመሥራት ጨፍኖ መሥራት ይሻላል።

አንድ ቀን ጋሼ አዲስ አበባ ስለ ሠራተኛ ደህንነት ስብሰባ ተቀምጦ መጣና ግቢው ውስጥ ሰበሰበን። «ሠራተኛ በቁጣ አይጠነቀቅም፣ ማበረታቻ ይፈልጋል» አለ። «እስከ መስቀል ማንም ካልተጎዳ ሰንጋ አርድላችኋለሁ። አንድ ሰው ከተጎዳ ግን ሰንጋ የለም።»

መነጽር ብንለው ሰንጋ አለን። ወገኖቼ ደግሞ አጨበጨቡ። እዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ የትም ተንከራትተህ ክረም፣ በመስቀል ባዶ እጅህን ቤተሰብ ፊት መቅረብ ግን ነውር ነው። ጋሼም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ብረት ቆራጩ ግራይንደሩን ጥሎ ዓይኑን ያዘ። የጉንችሬ ሰው ነው፣ ዝምተኛ። እጁን አንስቼ ሳየው ብሌኑ ዳር ጥቁር ስባሪ ተሰክቷል። «ተነስ፣ አታት ሆስፒታል እንሂድ፤ ዛሬውኑ ያወጡልሃል» አልኩት።

ፎርማኑ መሀል ገባ። «አንቺ ደግሞ ነገር አታግዝፊ። ብናኝ ነው፣ ሲያለቅስ ይወጣል። ሆስፒታል ከሄደ ጋሼ ይሰማል።»

«ይስማ።»

«ሰንጋውስ?» አለኝ ፎርማኑ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ከዚያማ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ ድንች ቆርጦ ለጠፈበት፣ ሌላው በቀዝቃዛ ሻይ አጠበው። የባሰብኝ ግን ራሱ ብረት ቆራጩ ነው። «በኔ የተነሳ የሰው መስቀል አይበላሽም። እህቴ፣ ተይኝ» አለኝ።

እኔ አልተውኩም፣ ጋሼ ቢሮ ገባሁ። ስልኩን እየነካካ ሰማኝና «ራሱ መጥቶ ተጎዳሁ ብሎኛል?» አለ። አላለም። «እንግዲህ አልተጎዳማ። ደግሞ የሰው እንጀራ ውስጥ አትግቢ።» ሰውየውን ማየት ቀፈፈኝ።

የብረት ቆራጩ ዓይን ቀላ፣ ቆይቶም መገለ። አጠገቡ ስትቆም ይሸታል። ጓደኞቹ ተመካክረው ከገበያ ጥቁር መነጽር ገዙለት፣ ጋሼ እንዳያይበት። ስንለምነው የከረምነው መነጽር በመጨረሻ ተገዛ፤ ዓይን ሊጠብቅ ሳይሆን የጠፋ ዓይን ሊሸፍን። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። ያ ተረት ግቢው ውስጥ ታስሮ ለሚጠብቀው ሰንጋ አልነበረም፣ ለኛ ነበር።

ሰንጋው የታረደ ጠዋት ብረት ቆራጩን ጠጋ ብዬ «እንዴት ነህ?» አልኩት። «በዚህኛው ጨለማ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከመስቀል ስመለስ እታከማለሁ።» መታከሙስ ቀርቶለታል።

ሥጋው እንደ ቅርጫ በኮባ ቅጠል ላይ ተመደበ። ለዕጣ ሁሉም ምልክቱን ሰጠ፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ጭራሮ። እሱ የሸሚዙን ቁልፍ በጥሶ ሰጠ። ዕጣው ወጥቶ ሰው ሁሉ መደቡን ሲያነሳ እሱ ጎንበስ ብሎ ቆየ። እጁ የሌላ ሰው መደብ ላይ አረፈ።

«ያንተ በግራህ ነው» አለው ፎርማኑ። ቀና ብሎ ያየ ግን አልነበረም፤ ሁሉም ሥጋውን ፌስታል ውስጥ ይከታል።

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም ሰው ሳይጎዳብን ለመስቀል በቅተናል። ለፋሲካም እንዲሁ ነው፣ ሰንጋ አለ» አለ።

ተጨበጨበ። ብረት ቆራጩም ሥጋውን መሬት አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠርጎ አጨበጨበ።