እጅ መስጠት የተከለከለበት አዳራሽ

በደርግ ጊዜ ልደታ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ጁዶ አስተምር ነበር። የምንወድቅበት ምንጣፍ የሚሸጥ ስላልነበረ ጆንያ ውስጥ ገለባ ጠቅጥቀን ላዩን ሸራ አለበስነው። ሸራውን የሰፋልን ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ከአብነት ሰፈር የሚመጣ ሰውነተ ቀጭን ልብስ ሰፊ ነው።

አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከመጣልም ከማነቅም በፊት አንድ ነገር አስተምረዋለሁ። ክንድህ ሲቆለፍ ወይም አንገትህ ሲያዝ ባላጋራህን በእጅህ ደጋግመህ መታ መታ አድርገው፤ ያኔውኑ ይለቅሃል። ይህን «እጅ መስጠት» እንለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ካድሬ መጣ። ለአብዮት በዓል ትርኢት እንድናሳይ ፈልጎ ነው። ቆሞ ሲያየን ቆየና፣

«ጓድ፣ ይሄ ከታች ያለው የሚደበድበው ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

«እጅ መስጠቱ ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «አብዮታዊ ሰው እጅ አይሰጥም! በበዓሉ ቀን እንዲህ ያለ ነገር እንዳላይ።»

«እንዲያማ ከሆነ ክንድ ይሰበራል።»

«ይሰበራ!» ብሎኝ ወጣ።

በትርኢቱ ልብስ ሰፊው የሚገጥመው ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚመጣውን ሌላ ተማሪዬን፣ ግዙፉን በያጅ ነበር። በዋዜማው ልብስ ሰፊው መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እኔ የማድረው በክንዴ ነው። ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ንዴት ያዘኝ።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ካድሬው ከፊት ተቀምጧል። ልብስ ሰፊውን «አንተ ተቀመጥ» አልኩትና በሱ ቦታ ራሴ ገባሁ። ለበያጁ፣ «እንዳትራራልኝ» ብዬ ሹክ አልኩት። አልራራልኝም። አንስቶ ጣለኝ፤ ክንዴን በጭኖቹ መሃል አስገብቶ ወደ ኋላ ለጠጠው። ክርኔ ሲወጠር ቀና ብዬ ካድሬውን አየሁት። ዓይኑን አፍጥጦ ራሱን ይነቀንቅብኛል።

በተረፈኝ እጄ የበያጁን እግር ደጋግሜ መታሁና፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማኝ «እጅ ሰጥቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

በያጁ ለቀቀኝ። ልብስ ሰፊው ብቻ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ሰኞ ቀበሌ ተጠርቼ ግለ ሂስ ጻፍ ተባልኩ። ወረቀቱን ተቀብዬ፣ «ያደረግሁት ትክክል ነው። ነገም ይህንኑ አስተምራለሁ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ካድሬው ሁለት ጊዜ አነበበው። ሦስት ቀን ቀበሌው እስር ቤት አደርኩ፤ የአዳራሹንም ቁልፍ ተቀማሁ።

ስፈታ ተማሪዎቼ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ጆንያዎቹን እየተሸከሙ የበያጁ ግቢ አግብተዋቸዋል። የብረት ቁርጥራጩን ጠራርገን በማግስቱ ሥራ ጀመርን። የቀበሌ ጥበቃ በአጥር ቀዳዳ ሲያጮልቅ እያየሁ ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። በአዳራሹ ካስተማርኩት ይልቅ እዚያ ግቢ ያስተማርኩት ሰው ይበዛል።