የጋሽ ወልዴ ማብሪያ

የኤሌክትሪክ ሥራ የጀመርኩት ሚዛን ተፈሪ ነው። በመጀመሪያው ቀን አዲስ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ስቀርብ አለቃዬ ጋሽ ታምራት መሣሪያዬን ተቀብለው ጥግ አስቀመጡት።

«ዛሬ ግድግዳ ዳብሺ» አሉኝ። «መጀመሪያ ኃይሉን አጥፊ፤ ከዚያ በእጅሽ ጀርባ። ምናልባት ኃይል ቀርቶ ከሆነ መዳፍሽ ጨብጦ ይቀራል፤ በጀርባው ከሆነ ግን እጅሽ ይሸሻል። የኛ አገር ዝናብ እንደሆነ አያባራም። እርጥብ ግድግዳ ውስጥ ሽቦ አይቀበርም።»

ግድግዳ ስዳብስ ዋልኩ። የቤቱ ባለቤት «ምን ጠፍቶባት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

በራሴ መሥራት ከጀመርኩ ከዓመታት በኋላ እትዬ ብርቄ የሚባሉ የኮረሪማ ነጋዴ ቴፒ ድረስ አስጠሩኝ። ቤታቸው አሮጌ ፎቅ ላይ ያለች አፓርታማ ናት። «ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸገረኝ፤ ሽቦውን እንዳለ ቀይሪልኝ» አሉና ወደ ገበያ ወረዱ። ባለቤታቸው ጋሽ ወልዴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል።

ሽቦው ጉድ ነው! ሽፋኑ ሲነኩት ይረግፋል፤ የመሬት ሽቦ የሚባል ነገር የለም። ፊውዙ ላይ ደግሞ አንዱ ጎበዝ ወፍራም ሽቦ ጠምጥሞበታል። ይሄ እንዴት ተብሎ ይቃጠላል ብዬ ገረመኝ። ኃይሉን አጥፍቼ ሥራ ጀመርኩ።

«ሁሉንም ቀይሪ» አሉኝ ጋሽ ወልዴ። «የበሩን ማብሪያ ብቻ እንዳትነኪብኝ።»

«ለምን?»

«አትንኪው አልኩሽ እኮ!»

እኔ ደግሞ አትንኪ ሲሉኝ አይሆንልኝም። የእጄን ጀርባ ሳስጠጋ ግድግዳው ርሷል። ለካ የጣሪያው ውኃ የሚወርደው ከጀርባው ነው። ከማብሪያው አጠገብ ሚስማር ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል።

«ጋሽ ወልዴ፣ ይሄ ፌስታል የምንድን ነው?»

«እጄን አስገባበታለሁ» አሉ። «ይነዝረኛላ!»

«እርስዎ ጤነኛ ነዎት? ሊሞቱ እኮ ነው!»

«ቀስ በይ! ለብርቄ እንዳትነግሪ። ደግሞ ፌስታሉ ጠንካራ ነው፤ ይኸው ስንት ዘመን አልተቀደደም።»

ፌስታሉን አየሁት። ዛሬ ከሱቅ የመጣ ይመስላል። ተናድጄ ስለነበር አላሰብኩበትም።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ድሮ ቡና ማጠቢያው ላይ ሠራተኛ የማዝዝ ሰው ነበርኩ። አሁን ሁሉንም የምትሠራው እሷ ናት። ለኔ የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት። ሲመሻሽ ኮረሪማዋን ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ ኮቴዋን እሰማለሁ፤ ተነስቼ አበራለሁ። እኔ እያለሁ ብርቄ ጨለማ ቤት አትገባም። ቦታውን ከቀየርሽብኝ አላገኘውም። ተወው፣ እኔው አበራለሁ ትለኛለች።»

አንጀቴን በሉት። ቢሆንም ማብሪያው እዚያ ግድግዳ ላይ ሊቀር አይችልም። አለዚያ ነገ የሬሳ ሣጥን ነው።

«እስቲ እትዬ ብርቄ አሁን እንደመጡ አድርገው ይነሱ» አልኳቸው።

ተነሱ። ቀኝ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ሄደ፤ ከዚያ ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወደ በሩ። እጃቸው ያረፈበትን ግድግዳ በእጄ ጀርባ ዳበስኩት። ደረቅ ነው።

ማብሪያ ትከሻ አካባቢ ይገጠማል ብለው ነው ጋሽ ታምራት ያስተማሩኝ። ጋሽ ወልዴ ግን እጃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሄዱት። «ትንሽ ውረጂ! ኧረ በዛ፣ መልሺው!» እያሉ እንደ ድሮ አለቃነታቸው አዘዙኝ። በክርናቸው ልክ ገጠምኩት። አዲስ ሽቦ፣ ብሬከርና የመሬት ሽቦ አስገብቼ የድሮውን ቀዳዳ ደፈንኩ። እሳቸው ከወንበር መነሳትና ማብራት ሲለማመዱ ዋሉ።

አመሻሽ ላይ ዕቃዬን ስሰበስብ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ጋሽ ወልዴ ብድግ አሉ። ከድንጋጤ ይሁን ከልማድ፣ አዲሱን አልፈው ወደ አሮጌው ቦታ ሄዱ። እጃቸው የደፈንኩትን ግድግዳ ያስሳል። ኮቴው በሩ ጋ ደርሷል። «ወደ ኋላ!» ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነከስኩት። ካልኳቸው መብራቱ የኔ ይሆናል። መለስ አሉ፤ ጠረጴዛውን ነኩ፤ ግድግዳውን ነኩ።

መብራቱ በራ። በሩ ተከፈተ።

«ደህና ዋልክ ወልዴ?» አሉ እትዬ ብርቄ። «መብራትህ ዛሬ ደመቀ!»

«አምፖሉን ቀይራው ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ እጃቸውን እያሻሹ። ደስታቸው ከፊታቸው አልፎ እኔ ጋ ደረሰ።

እትዬ ብርቄ ደረጃው ድረስ ሸኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፌስታሉን ጣልሽው?»

ክው አልኩ። «ያውቃሉ እንዴ?»

«ሲቀደድ የሚቀይረው ማን መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ተወው ካልኩት እሺ ይለኛል። ከዚያስ ምን ሊሠራ ይነሳል? ዘንድሮ ግን ዝናቡ ሲበረታ ፈራሁ። ፊውዙ ሰበብ ነው፤ የጠራሁሽ ለዚያ ነው።» እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ለሱ እንዳትነግሪው።»

አልነገርኩም። የጋሽ ወልዴንም ምስጢር ለእትዬ ብርቄ አላወጣሁም።

በሙያው ያላችሁ ልጆች፣ ግድግዳ መዳበሱን አትተዉ። ማብሪያ ከመግጠማችሁ በፊት ደግሞ ማን እንደሚያበራው ጠይቁ።