የታመመው አክሶሎትል እና የእኅቴ ጠበል

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፍልሰታ ጾም፣ በሮም ከተማ ነው። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አገልግዬ በጡረታ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከእጄ የጠፋ ፋይል የለም። ይህን የምገልጸው ለመመካት ሳይሆን፣ ቀጥዬ የምተርከው ስሕተት ምን ያህል እንዳስደነገጠኝ አንባቢ እንዲረዳልኝ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት አደራ ተቀበልኩ፤ አንደኛው የልጅ ልጄ እንስሳ፣ ሁለተኛው የእኅቴ ጠበል። ሁለቱንም በገዛ እጄ አምታታኋቸው።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጄ ሕይወት ፔርሜሶ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃዴን አስጨርሳ ወደ ሮም ወሰደችኝ። የምንኖረው ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ አራት ነን፤ እኔ፣ ሕይወት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ሊያ እና ታላቅ እኅቴ እትዬ ወርቅነሽ። እትዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሮማውያን ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ የደም ግፊት ያለባት፣ ምላሷ ግን እስከ ዛሬ ያልደነዘ ሴት ናት።

ሊያ አክሶሎትል የሚባል እንስሳ ታሳድጋለች። ለማያውቀው አንባቢ፣ አክሶሎትል ከሜክሲኮ የተገኘ፣ የስንዝር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከእንቁራሪት ጋር የሚዛመድ፣ ዕድሜውን በሙሉ ግን ከውኃ ሳይወጣ የሚኖር ፍጥረት ነው። የእኛው ነጭ ነው። አራት ትናንሽ እግሮች አሉት፤ በአንገቱ ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ ቀይ ላባ የተዘረጉ የመተንፈሻ ስንጥቦች። ሊያ ከክሬም ጋር አመሳስላ «ፓና» ትለዋለች፤ እትዬ «እጅ ያለው ዓሣ» ትለዋለች።

ነሐሴ ሲገባ ሕይወት የምትንከባከባቸው አሮጊት ወደ ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉና እርሷም አብራ መሄድ ነበረባት። ሊያንም ይዛት እንድትመጣ ፈቀዱላት። ሊያ ከመሄዷ በፊት ስለ እንስሳው አያያዝ በጣልያንኛ ሁለት ገጽ ጽፋ ሰጠችኝ።

«ኖኖ፣ አያቴ፣ ውኃው እንዳይሞቅበት። ሙቀት ይገድለዋል። ፕሮሜሶ? ቃል ትገባለህ?» አለችኝ።

እኔም እንደ ልማዴ የርክክብ ሰነድ አዘጋጀሁ። «አንድ አክሶሎትል፣ በሕይወት ያለ፣ እግሩ አራት፣ ጅራቱ ሙሉ» ብዬ ጻፍኩና ሁለታችንም ፈረምን። ሊያ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ርክክብ ርክክብ ነው።

በሄዱ በሦስተኛው ቀን ሮም ጋለች። የመስታወት ገንዳውን ውኃ በበረዶ ባቀዘቅዘውም ቴርሞሜትሩ ሃያ ስድስት ላይ ቆመ። ፓና የመሬት ትል ሲቀርብለት ፊቱን አዞረ። በማግሥቱ ላባ መሳይ ስንጥቦቹ ወደ ፊት ተጠቅልለው፣ ጫፋቸው ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ አየሁ።

የእንስሳት ሐኪሞቹ ሁሉ ለዕረፍት ወጥተዋል። እትዬ ስልክ ስትደውል አረፈደችና ከከተማው ዳር አንዲት ክፍት ክሊኒክ አገኘች። ፓናን በክዳን ባልዲ ይዘን፣ ሁለት ትራም ቀያይረን ደረስን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ረጋ ብላ መረመረችው፤ እትዬ ታስተረጉማለች።

«ፍሪጎ ውስጥ ይግባ ትላለች።»

«ምን ውስጥ?»

«ፍሪጅ ውስጥ! ከጎመኑ ጋር!»

«በትክክል አስተርጉሚ እንጂ እትዬ።»

«ሠላሳ ዓመት ጣልያንኛ ተናግሬ አንተ ልታርመኝ ነው? ፍሪጎ ነው ያለችው።»

እውነትም እንዲሁ ነበር። ሕክምናው ይህ ነው፤ እንስሳው ክዳን ባለው ዕቃ፣ በንጹሕ ውኃ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ቅዝቃዜው ሻጋታውን ያዳክመዋል። ውኃው በየቀኑ ይቀየራል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አስቀድሞ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ለአሥር ደቂቃ ይነከራል፤ ለአንድ ሊትር ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨው። የተነከረበት ውኃ ሻጋታ ስላለበት ወደ ወጥ ቤት መታጠቢያ አይደፋም፤ በቀጥታ ወደ ሽንት ቤት ይደፋል። ሁሉንም በማስታወሻዬ መዘገብኩ።

እትዬ ቤት ስንገባ ፍሪጁ ፊት ቆመች።

«ጾም ነው። ይሄን ነገር ከሽሮዬ ጎን አስቀምጥ ነው የምትለኝ?»

«ክዳን አለው። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይሆናል።»

«ዛሬ ከሀገር ቤት የመጣልኝ ጠበልም እዚያው በሩ ላይ ነው። ከነገ ጀምሮ ልጠጣው ነው። አንተን ብዬ ነው እሺ የምለው፤ ጠበሌን አደራ።»

«አደራሽን ተቀብያለሁ» አልኳት።

ጠበሉ በሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንዲት መንገደኛ ከአንድ ገዳም ያመጣችላት ነበር። እትዬ ከዚያ ምንጭ ከዚህ በፊት ጠጥታ አታውቅም። እኔም ለእንስሳው ሁለት ተመሳሳይ ጠርሙስ አዘጋጀሁ፤ አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ አንዱን በጨው ውኃ። ሦስቱም የፍሪጁ በር ላይ ተደረደሩ። «ጠበል» የሚለውን ቃል ከእንስሳ ውኃ ጎን መጻፍ ስላልወደድኩ ቁጥር ሰጠኋቸው። አንድ ንጹሕ ውኃ፣ ሁለት ጨው፣ ሦስት ጠበል። ወረቀቱን ቆርጬ በማጣበቂያ ለጠፍኩና ለእትዬ በቃል አስረዳኋት። «የአንቺ ሦስት ቁጥር ነው።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አቶ መዝገብ ቤት» አለችኝ።

ማታ ላይ ፍሪጁን ስከፍት የሁለትና የሦስት ቁጥር ወረቀቶች በጠርሙሶቹ ላብ ርሰው ወድቀዋል። አደራደራቸውን አስታውሳለሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በዚያው ቅደም ተከተል መልሼ ለጠፍኳቸው፤ በዚህ ጊዜ ዙሪያውን አጠናክሬ። እትዬ ግን ቀደም ብላ፣ ከጸሎት በኋላ ጠበሏን ለመሳለም አውጥታ፣ ስትመልሰው መካከል ላይ እንዳስቀመጠችው አላወቅሁም።

አንባቢ «አንድ ጠብታ ብትቀምስ ምን ነበረበት?» ሊል ይችላል። እኔም ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ማታውን፣ በእጄ ጽሕፈት ላይ ተማምኜ፣ መቅመስ አላሰብኩም። ጠዋት ደግሞ፣ እንስሳውን በምነክርበት ሰዓት፣ ጾመኛ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአፌ የሚገባ ነገር የለም፤ ጨው በጣት መላስ እንኳ አልሞክረውም። እትዬም ጾመኛ ናት፤ ነገር ግን ጠበል በባዶ ሆድ የሚጠጣ በመሆኑ ጎሕ ሲቀድ ሁለት ብርጭቆ ትጠጣለች።

በመጀመሪያው ጠዋት ፊቷን አኮማትራ ወደ እኔ መጣች።

«ኃይለኛ ነው!» አለች። «እንዲህ ያለ ጠበል ጠጥቼ አላውቅም። አንጀቴ ድረስ ተሰማኝ።»

«ለመድኃኒት ያድርግልሽ» አልኳት።

በሁለተኛው ቀን ሆዷን አጠባት። ደስ አላት እንጂ አልከፋትም። «እያስወጣልኝ ነው» አለች። በሦስተኛው ቀን ራሷን አዞራት፤ ዐይኗ ፊት ብልጭ ብልጭ አለ። «ተኚ እንጂ» ስላት፣ «ሊለቀኝ ሲል ነው፤ አንተ እንስሳህን ጠብቅ» ብላ አሾፈችብኝ።

እንስሳዬንም ጠበቅሁ። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሁለት ቁጥር ጠርሙስ ግማሽ ሊትር እየቀዳሁ በሰዓት ነከርኩት፤ ውኃውን በታዘዝኩት መሠረት ሽንት ቤት ደፋሁት። በሦስተኛው ቀን ነጩ ጥጥ ከግራው ስንጥብ ተነሥቶ ወደቀ። በማስታወሻዬ ላይ «መሻሻል ይታያል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያች ቀን፣ አልደብቅም፣ ኮርቼ ነበር።

በአራተኛው ጠዋት ፓናን ለመንከር ገና ዕቃውን ስከፍት ከመተላለፊያው የወደቀ ነገር ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ከአፍንጫዋ ደም ይወርዳል። የግፊት መለኪያዋን አምጥቼ በክንዷ አሰርኩ። የላይኛው ቁጥር ከሁለት መቶ አልፏል። ድጋሚ ለካሁ፤ ያው ነው።

አምቡላንስ ጠራሁ። በጣልያንኛዬ አድራሻውን ሦስት ጊዜ መናገር ነበረብኝ። የመጡት ሐኪም ሽበታም፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሰው ናቸው። መርፌ ከወጓት በኋላ ጠየቋት፤ ኪኒን ትወስጃለሽ? አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ምን በላሽ? ሽሮና ጎመን፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ጨው ታበዢያለሽ? ከነጭራሹ አልነካም። ሌላስ?

«ጠበል ብቻ» አለች እትዬ።

ሐኪሙ ጠበሉን ላየው አሉ። ሦስት ቁጥሩን ጠርሙስ አቀረብኩላቸው። ትንሽ በመዳፋቸው አፍስሰው ቀመሱና ወዲያው ተፉት።

«ይሄማ ባሕር ነው!» አሉ። «ለዚች ሴት ይህን ያጠጣት ማን ነው?»

ያን ጊዜ ጾሜን ረስቼ የሁለት ቁጥሩን ጠርሙስ ከፍቼ ቀመስኩ። ለስላሳ፣ ምንም ጨው የሌለበት ውኃ ነው። እንስሳው ሦስት ቀን በጠበል ሲነከር፣ እኅቴ የእንስሳውን ጨው ስትጠጣ ሰንብታለች። ወረቀቶቹም በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ ቀጥ ብለው፣ ዙሪያቸውን ታሽገው ነበር።

እዚያው፣ በሰዎቹ ፊት፣ ለእትዬ ነገርኳት። በቃሬዛ ተኝታ አየችኝ። የጠጣችውን ጨው አላነሣችም።

«ጠበሌን... ለእንሽላሊት?»

«እትዬ፣ አላወቅሁም።»

«የታጠበበትን ውኃስ? የት ደፋኸው?»

ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ሙሉ አልረሳውም። ጠበል እግር የሚረግጠው ቦታ እንኳ አይፈስም። ሐኪሙ የግፊቷን መለኪያ እያዩ ናቸው፤ ቁጥሩ ገና አልወረደም። ሠላሳ አራት ዓመት ሐሰተኛ ቃል ሰጥቼ የማላውቀው ሰው፣ «በረንዳው ላይ፣ ጄራንዮ አበባው ሥር» አልኳት።

«ተመስገን» አለችና ዐይኗን ጨፈነች።

ሆስፒታል ሁለት ቀን ሰነበተች። ግፊቷ ወረደ። እኔ ቀን ቀን ከእርሷ ዘንድ፣ ጠዋትና ማታ ከፓና ዘንድ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ በትክክለኛው የጨው ውኃ ነከርኩት። የተረፈችውን ግማሽ ሊትር ጠበል በሌላ ዕቃ ገልብጬ በእርሷ መኝታ ቤት አስቀመጥኩ። ፓና በዘጠነኛው ቀን ትል ጎረሰ፤ ሙቀቱም ሲበርድ ከፍሪጁ አውጥቼ ወደ ገንዳው መለስኩት። ያዳነው ቅዝቃዜው ነው ወይስ ሌላ፣ ይህን ለመወሰን ሥልጣን የለኝም።

ሊያ ከኦስቲያ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ገንዳው ጋ ሮጠች። እግሮቹን ቆጠረች። «አራት። ጅራት ሙሉ። ፔርፌቶ ኖኖ!» ብላ የርክክቡ ወረቀት ላይ ፈረመችልኝ። ብዕሩን ስቀበላት ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ታሪኩን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወራዋለች። ሰዎች ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው ይሰሟታል። ሁልጊዜም መጨረሻው ላይ በረንዳውን እያሳየች፣ «ጠበሉ እዚህ ጄራንዮ ሥር ነው የፈሰሰው፤ አበባውን እዩት!» ትላለች። እኔ በተናገረች ቁጥር ተነሥቼ ከክፍሉ እወጣለሁ።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ፣ ለኅትመት ከመላኬ በፊት ለእርሷ ማንበብ እንዳለብኝ ወሰንኩ። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ተቀምጠን አነበብኩላት። «የት ደፋኸው» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

«ቀጥል እንጂ» አለችኝ።

አነበብኩት። እትዬ የምትለቅመውን ምስር አላቋረጠችም።

«አንተ ሰውዬ፣ በሰባ ዓመትህ አንድ አበባ አጠጥተህ ታውቃለህ?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ያኔውኑ ነው ያወቅሁት። የሐኪሟን ትእዛዝ ያስተረጎምኩልህ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ታዲያ ለሰው ሁሉ ስለ ጄራንዮው የምታወሪው ለምንድን ነው?»

«ሰው ሁሉ ውኃውን የት ደፋው ብሎ ይጠይቀኛላ! ወንድሜ ጠበሌን ሽንት ቤት ደፋው ልበል? ለንስሐ አባቴም ጄራንዮ ነው ያልኳቸው።» እንክርዳዷን በጣቷ አስፈንጥራ ጣለች። «አሎራ፣ እንግዲህ አሁን ሁለታችንም ውሸታሞች ነን። ነገ ለመናዘዝ አብረን ወደ እርሳቸው እንሄዳለን። የምትጀምረው ግን አንተ ነህ።»

ሐኪሙ «ይሄማ ባሕር ነው» ባሉ ጊዜ ከደነገጥኩት ይልቅ የደነገጥኩት ያን ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ አንዲት ውሸት ተሸክሜ ስንገዳገድ፣ እርሷ የእኔን ስም ለመጠበቅ እስከ ንስሐ አባቷ ድረስ ዋሽታልኝ ኖራለች፤ በመዝገቤ ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር የለም። አሁን የሚሰማኝ እፍረት ነው፤ ከእፍረቱ ጋር ግን ከጡረታዬ ወዲህ ያላገኘሁት ቅለትም አለ።

እሑድ አብረን ሄድን። የጀመርኩት እኔ ነኝ።