በባዶ አፍ የተገኘ እሺታ

እሺ ተባለ! ያውም በጠዋት፣ አንዲት የጫት ቅጠል አፍ ሳትገባ!

የምሥራቹ የጥሩነሽ ነው። ጭሮ መናኸሪያ ትኬት የምትቆርጠውን ጥሩነሽን የማያውቅ መንገደኛ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱን ወደ መሰላ፣ ሌላውን ወደ ቦኬ ስትሸኝ ኖራለች። የእሷ ልብ ግን መኪና በማይገባበት ቦታ ነው ያለው። ወደ ቆላው ሲወረድ፣ ግራሩ እየሳሳ ሄዶ ድንጋይ ብቻ ሲቀር፣ እንደ ተኛ ግመል የተጋደመ ረጅም ደረቅ ተራራ አለ። ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር በጭነት መኪና ስታልፍ አየችው። "ከላይ ሲሆኑ ምን ይታያል?" ብትለው፣ "ሄደሽ እይዋ!" ብሎ ሳቀባት። እሷ ግን ቀልድ አልመሰላትም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጀርባውን ይዛ ልትሄድ ተመኘች፤ ይኸው ስትመኝ ጠጉሯ ሸበተ።

ሦስት ቀን ያስኬዳል። በመሃል ውሃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱን የሚያውቀው ደግሞ ጎረቤቷ ዘይኑዲን፣ የድሮው ግመል ነጋዴ ነው። ዘይኑዲን ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ጫቱን ቅሞ ሲመረቅን እንዴት ያለ መሪ መሰላችሁ! በካርቶን ላይ መንገዱን ይስላል፤ "እዚህ እናድራለን፣ እዚህ ጥላ አለ" ይላል። እሷም ስንቋን ትቆጥራለች፦ በሶ፣ ቴምር፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ። ማታ ምርቃናው ሲወርድለት ግን "የምን ተራራ?" ነው መልሱ። የበርጫ እቅድ እንዲያ ነው፤ ከሰዓት የተሠራ ፎቅ ማታ ይፈርሳል።

አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ታዲያ በጠዋት ለምን አልጠየቀችውም? ፈርታ ነዋ! የጠዋት እምቢታ የምር እምቢታ ነው። በከሰዓቱ እሺታ ግን ቢያንስ እስከ ማታ ተራራዋ ላይ ትውል ነበር።

ትናንት ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ቋ አለባት። ዛሬ ዘይኑዲን ከሱብሂ ሶላት ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"ያ ጥሩ፣ ሰው ሞተ እንዴ?"

"የለም። ወደ ተራራው ትወስደኛለህ ወይስ አትወስደኝም?"

"በባዶ አፌ?"

"በባዶ አፍህ።"

ዓይኑን ወደ ቆላው አዞረ። ዕድሜው ሁሉ ፊቱ ላይ ወጣ። "በቃ፣ ቀረብኝ" አለች በልቧ።

"ውሃው እኮ ግመል የሚጠጣው ነው፤ ይመርራል።"

"እጠጣዋለሁ።"

"እኔም ተራራውን ካየሁት አሥራ አንድ ዓመቴ" አለ፣ ድምፁ ቀጠን ብሎ። "ወላሂ ናፍቆኛል። በየከሰዓቱ በካርቶን ላይ የምሄደው በከንቱ መሰለሽ? ሐሙስ እንነሳ፣ ኢንሻአላህ።"

"ኢንሻአላህህ የጠዋት ነው የከሰዓት?"

"የጠዋት ነው፣ አንቺ ነገረኛ!"

አሁን ትኬት መስኮቷ ላይ ናት። በሁሉም ትኬት ላይ ሐሙስ ብላ ስለምትጽፍ፣ "ኧረ እትዬ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው!" እያለ ሰልፈኛው ይጮኻል። እኔ ግን ልሩጥ፤ እህቷ አዳነች ገና አልሰማችም፣ ከሌላ አፍ ከሰማችው አትምረኝም!