ኬዛያ የጠበቀችው ጀልባ

ኬዛያ ትራንተር የተወለደችው ውሃ ላይ ነው፤ ከሰል በምትጭን ቀጭን ጀልባ፣ ከኋላ ባለች ቁም ሳጥን በምታህል ክፍል። ታናሽ ወንድሟ ሩበንም እዚያው ተወለደ። አባታቸው ሁለቱንም ሣጥን ላይ አቁሞ ነው መሪ ያስያዛቸው። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚያድር ልጅ ማን ይቀበላል? የከተማው ሰው "የውሃ ዘላኖች" እያለ ይሰድባቸው ነበር። ዛሬ የተሳዳቢዎቹ የልጅ ልጆች ጀልባ ተከራይተው፣ የገለባ ባርኔጣ ደፍተው በዚሁ ቦይ ይዝናናሉ። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ጭነቱ ወደ መኪና ሲዞር ጀልባዋን አልሸጧትም። ኬዛያ በመጠጥ ቤት ጓዳ ሰሃን ስታጥብ አረጀች። ሩበን እግሩ ሲከዳው ከኮረብታው አናት፣ ቦዩ ዳር ካለው የአረጋውያን መኖሪያ ገባ። በእሷ ጀልባና በእሱ መስኮት መካከል ያለው ያ ኮረብታ ነው፤ ውሃው እንደ ደረጃ ተሠርቶበታል። ጀልባዋ ውሃው ከጎደለ የድንጋይ ጉድጓድ ትገባለች፣ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል፣ ከላይ ውሃ ይለቀቃል፣ ጉድጓዱ ሲሞላ እሷም ከፍ ትላለች። ከዚያ ሌላ ጉድጓድ፣ ደግሞ ሌላ። ከሃያ በላይ ናቸው።

ባለፈው በጋ የመኖሪያው ባለቤቶች ቤቱን ሊዘጉት ወሰኑ። አያዋጣም አሉ። ሽማግሌዎቹ ዓርብ ጠዋት ወደ ሩቅ ከተማ እንደሚወሰዱ የተነገራቸው በዚያው ሳምንት ሰኞ ነው። የሚሸጥ በሬ እንኳ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ይሰጠዋል። ሩበን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይወስዱት የጀልባዋን መሪ አንዴ መያዝ።

"አመጣልሃለሁ" አለችው።

እኔ ጀልባዬን የማስረው ከእሷ አጠገብ ነው። ማክሰኞ ምድጃዋ ጎን ተቀምጠን፣ ሻይና የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ይዘን ጉዞውን አቀድን። ክፋቱ ድርቅ ነበር። የላይኛው ግድብ ስለጎደለ የቦዩ መሥሪያ ቤት ደረጃዎቹን የሚከፍተው ሐሙስና ዓርብ ብቻ ነው፤ ያውም ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን። ከዚያ በሰንሰለት ይታሰራሉ። የበሮቹ እንጨት በስብሶ ውሃው ስንት ዓመት ሙሉ ሲንዠቀዠቅ ያላዩ ሰዎች፣ ቁጠባ ትዝ ያላቸው ያኔ ነው።

"ሐሙስ በማለዳ በሩ ላይ እንቆማለን" አልኳት። "አንቺ መሪ ትይዣለሽ፣ እኔ ቀድሜ እየሮጥኩ ደረጃዎቹን አዘጋጃለሁ። ከማንም ጋር ወሬ የለም።"

"የሚወርድ ጀልባ ቢኖርስ?"

"ይኑራ።"

"ደረጃው ሞልቶ ከተገኘ ለወራጅ ተዘጋጅቷልና የወራጁ ነው። ጀልባው ከታየኝ እኔ ልግባ ብዬ የሱን ውሃ አላፈስበትም።"

"ኬዛያ፣ ይሄ የአባትሽ ዘመን አይደለም።"

"የሰው ውሃ ማፍሰስ ሌብነት ነው። አባቴ በዚህ ነገር የአንዱን ጥርስ አራግፏል።"

"እንግዲያው የኔም እንዳይራገፍ ዝም ልበል።"

"የትኞቹ፣ እነዚያ ሁለቱ? እነሱንማ ለሳንድዊቹ ተዋቸው።"

ሐሙስ ነገሩ ሁሉ ቀናን። ውሃ መልቀቂያውን የምከፍትበትን ማዞሪያ ብረቴን ይዤ ከደረጃ ደረጃ ስሮጥ ሳንባዬ ሊወጣ ደረሰ። ሦስት ደረጃ ሲቀረን ግን ቀጣዩን ሞልቶ አገኘሁት። ከበላዩ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አንድ የሚያብረቀርቅ ጀልባ አፍንጫውን ወደ እኛ አዙሯል።

"እየመጣ ነው" አለች ኬዛያ።

"አልተንቀሳቀሰም እኮ።"

"ይንቀሳቀሳል። ደረጃ ሞልቶ እየጠበቀው ሰው ለምን ይቆማል?"

እሷ በምታውቀው ዓለም የተዘጋጀ ደረጃ እያየ የሚቆም ጀልበኛ የለም፤ መቆም እንጀራ ማጣት ነበር። ጠበቅን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትደርስ ስትል አላስችል ብሎኝ ወጥቼ አየሁ። ዳርቻው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ቋሊማ ይጠብሳሉ።

"ትወርዳላችሁ?" አልኩት የገለባ ባርኔጣ ያደረገውን።

"ኧረ የትም አንሄድ፣ ዛሬ እዚሁ ነን። ቋሊማ ትቀምሳለህ?"

የመለስኩለት አይጻፍም። ሮጬ ተመልሼ ውሃውን ማፍሰስ ጀመርኩ። ጉድጓዱ ገና ሳይጎድል የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ዴሪክ ሰንሰለቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ደረሰ።

"ዴሪክ፣ የቀሩን ሦስት ናቸው።"

"ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።"

"ሰንሰለቱን የተሸከምከው ግን አንተ ነህ።"

"ነገ ጠዋት እከፍትላችኋለሁ።"

"ነገ ጠዋት ሰውየው አይኖርም።"

አንገቱን ደፍቶ ቆለፈ። ኬዛያ ጀልባዋን ዳር አሰረች።

ሲመሻሽ በእግራችን ወጣን። ሩበን ኮቱን ለብሶ መስኮቱ ስር ተቀምጧል።

"ጀልባችንስ?"

"ከላይ ሦስተኛው ደረጃ ሥር ናት።"

"ምን ያዛት?"

"የሚወርድ ጀልባ ነበረ። ደረጃው የሱ ነበር።"

"ወረደ?"

"አልወረደም። ምሳ እየበሉ ነበር።"

ሳል እስኪይዘው ሳቀ። "አንቺ ጅል። አባባም ቢሆን ይጠብቅ ነበር። እማማ ደግሞ በማዞሪያው ወገቡን ትለው ነበር።" ከዚያ ሳቁን አቆመና ውሃውን አየ። "እኔ ግን ባንቺ ቦታ ብሆን አልጠብቅም ነበር፣ ኬዚ።"

ዓርብ መኪናው ከሰንሰለቱ ቀደመ። ደረጃዎቹ ሲከፈቱ ሩበን መንገድ ላይ ነበር። እኛ ግን መውጣታችን አልቀረም፤ ረጅም ጀልባ ደረጃ መሃል አይዞርም፣ ውሃው ሰፋ የሚለው አናቱ ላይ፣ እዚያው መኖሪያው ፊት ለፊት ነው። ኬዛያ ከመስኮቱ ስር ጀልባዋን አዞረች። መጋረጃው ወርዷል። ቀና ብላ አላየችም።

ሁለቱን ደረጃ ወርደን ወደ ሦስተኛው ስንቀርብ፣ ስንወጣ ሞልተን የተውነው ደረጃ እንደሞላ ነው። የገለባ ባርኔጣው ሰውዬ ገመዱን ፈትቶ ከፊታችን ገባ። እጁን አውለበለበልን። ማዞሪያዬን አነሳሁ፤ ለበሩ አልነበረም።

"ተወው" አለች ኬዛያ ሞተሩን ቀዝቀዝ አድርጋ። "እሱ ቅርብ ነው፣ ደረጃው የሱ ነው።"

መሪውን በሁለት እጇ እንደጨበጠች ጀልባው ጉድጓዱ ውስጥ እስኪገባ ተመለከተችው።

"እየመጣ ነው ብዬህ አልነበር?" አለችኝ።