የኡራጓይ ሪፖርት ሰባተኛ ገጽ

ሀረገወይን አዲስ አበባ ሳለች ብሔራዊ ባንክ ስድስት ዓመት የሠራች ኢኮኖሚስት ነበረች። አሜሪካ ስትገባ ግን ኦክላንድ ከተማ ያለ አንድ መካከለኛ ባንክ በታይፒስትነት ቀጠራት። የውጭ አገር ብድር ክፍልን ወረቀቶች ስትተይብ ስህተታቸውን አብራ ታርም ነበር፤ አለቃዋ ሚስተር ፊልፕስ ይህን ሲያይ ሪፖርቱንም ያስጽፋት ጀመር። ደመወዟ ያው የታይፒስት ነው።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 ሚያዝያ ላይ የኡራጓይ ጉዳይ ደረሳት። ባንኩ ለዚያች ትንሽ አገር ባንኮች ብድር ሊጨምር አስቧል። ሀረገወይን የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ገዝታ የማዕከላዊ ባንካቸውን መግለጫዎች ሁለት ወር ሙሉ አነበበች። ያየችው አስደነገጣት። ባንኮቹ ለከብት አርቢውም ለሱቀኛውም የሚያበድሩት በዶላር ነው፤ ተበዳሪው ሠርቶ የሚያገኘው ግን የአገሩን ገንዘብ፣ ፔሶ ነው። መንግሥት የዶላሩን ዋጋ አስቀድሞ በሠንጠረዥ ስለሚያውጅ ማንም አልሰጋም። ሠንጠረዡ የቀረ ቀን ግን የሰው ሁሉ ዕዳ ያብጣል፤ ባንኮቹም አብረው ይወድቃሉ። ይህንን በሰባተኛው ገጽ ላይ ሳትሸፋፍን ጻፈችው።

ፊልፕስ ቢሮው አስጠራት።

«ሰባተኛውን ገጽ አውጪው» አላት።

«ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው።»

«የብድር ኮሚቴው ገንዘቡን ለመስጠት ወስኗል። ሪፖርቱ ለፋይሉ ያህል ነው።» እስክሪብቶውን አነሳና፣ «እህትሽን ለማስመጣት የጠየቅሽኝ የሥራ ማስረጃ ደብዳቤ አለ አይደል? ሪፖርቱ ተስተካክሎ ይምጣና ነገ እፈርምልሻለሁ» አለ።

ታናሽ እህቷ ትርፌ ሁለት ልጆቿን ይዛ ካርቱም በስደት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ያለዚያ ደብዳቤ ስፖንሰር ልትሆናት አትችልም። ሀረገወይን ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ገጾቹን በአዲስ ቁጥር ተየበች። ሰባተኛውን በገዛ እጇ ቀደደችው።

ትርፌና ልጆቿ በመስከረም ገቡ። በኅዳር ኡራጓይ ሠንጠረዡን ተወችው። በጥቂት ወራት ውስጥ ፔሶው የዋጋውን ግማሽ አጣ፤ ከኦክላንድ የሄደውም ብድር እዚያው ቀለጠ።

በየካቲት ወር ሦስት የባንኩ ቦርድ አባላት ለምርመራ መጡ። ፊልፕስ ሪፖርቱን ከፊታቸው አስቀምጦ፣ «አጥኚያችን ስለ ዶላሩ አንድም ቃል አልጻፈችም» አለ።

«ጽፌ ነበር» አለች ሀረገወይን። «አውጪው ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«የታለ?» አለ ፊልፕስ።

ከአባላቱ አንዱ የሪፖርቱ ሽፋን ላይ ያለውን ስም በጣቱ ነካ። በሌሎቹ ሪፖርቶች ሁሉ ላይ የሚወጣው የፊልፕስ ስም ነበር፤ በዚህኛው ላይ ብቻ የእሷን እንድትጽፍ ፈቅዶላት፣ ያኔ እንደ ዕድገት ቆጥራው ነበር።

አርብ ዕለት ከሥራ አሰናበቷት። ፊልፕስ በዓመቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ።

ሌላ ባንክ ብትጠይቅ ሪፈረንስ የሚሰጣት ጠፋ። በመጨረሻ ሳንሆዜ ከተማ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ገብታ፣ አጉሊ መነጽር ላይ አጎንብሳ ቅንጣት የምታህል ሽቦ ስትበይድ መዋል ያዘች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ እንግዶች ምሳ እየበሉ ሳለ ትርፌ፣ «እትዬ ኩራቷ ነው የጎዳት» አለች። «አለቃ ሲናገር አንገቷን ደፋ ብታደርግ ኖሮ ዛሬም ባንክ ነበረች። አይደለም እንዴ እትዬ?»

ሀረገወይን እህቷን አየቻት። ልጆቹ ሳሎኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ ይንጫጫሉ።

«ልክ ነሽ» አለቻትና ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።