የገባኝ ቃል

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። መጠጡን ነግሬያቸዋለሁ፤ ከወንድሜ ጋር ስንት ዓመት ተኳርፈን እንደኖርን ነግሬያቸዋለሁ። ይቺን ግን ሁልጊዜ ዘልያት ነው የማልፈው። አፍሬ ነው እንዳልል፣ ያኔም ጉድ የሠራኝ ይኸው "አፍሬ ነው" የሚሉት ነገር ነው። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ስትሰሙ ግን እንዳታዝኑልኝ።

ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም ውስጥ፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የሐበሻ ሴት ልጆችን ሩጫ አሠለጥን ነበር። ቀን ቀን ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ቪላ ሹፌር ነኝ። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ግን እዚያ አቧራማ ሜዳ ላይ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ንጉሥ ነበርኩ። ከልጆቹ ሁሉ የምትበልጠው ሄለን ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። እዚያው ተወልዳ እዚያው ስላደገች አማርኛዋ ይሰባበራል፤ የጎደላትን በዓረብኛ ትሞላዋለች። እናቷ ሰው ቤት እያደረች ነው የምትሠራው፤ የምትመጣው አርብ አርብ ብቻ ነው። በየቀኑ ልጅቷን የሚያያት ትልቅ ሰው እኔ ነበርኩ። እኔ!

አንድ የከተማው ክለብ ውድድር አዘጋጅቶ ሁለት ልጆች ሊወስድ ነበር። ሄለን እንደምትገባ ማንም አልተጠራጠረም። ከውድድሩ ሁለት ወር ሲቀረው አንድ ጠዋት ጠጋ አለችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ኮች፣ ኡዝር አለኝ። በጣም ነው። ያዞረኛል" አለችኝ።

ኡዝር በዓረብኛ ምክንያት፣ ሰበብ ማለት ነው። የካርቱም ሴቶች ግን የወር አበባቸው ሲመጣም ኡዝር አለኝ ይላሉ። ከጸሎትና ከጾም የሚያርፉበት ምክንያት ስለሆነ ነው። ሄለን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ የለመደችው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ቃል የላትም። ብዙ ሐበሻ ወንድ ይህን ሁለተኛ ትርጉም አያውቀውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። የምሠራበት ቤት በረመዳን የጌቶቹ ልጅ ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ስትጠጣ አይቼ ብደነግጥ፣ ወጥ ሠሪዋ እየሳቀች "ኡዝር አለባት እኮ" ብላ አንድ በአንድ አስረድታኛለች። አውቄዋለሁ። ሄለን ያን ቃል ስትል ወዲያው ነው የገባኝ።

ታዲያ ምን አልኩ? ሌሎቹ ልጆች እንዲሰሙ ጮክ ብዬ፣ "እኔ ሜዳ ላይ ሰበብ የሚባል ነገር የለም! ያላ፣ ሩጪ!" አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። እሷ ቀላች፤ ከዚያ ሮጠች። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዴት ብልህ ነኝ ብዬ ደስ አለኝ። ቃሉን ሰበብ ብዬ ተርጉሜ ከጨዋታው ወጣሁ። ምን ነበር የፈራሁት? የልጆቹን ጉልበት አሻለሁ፤ ስለ ተቅማጣቸው ሳይቀር ያለ አንዳች ሐፍረት እጠይቃለሁ። የወር አበባ የሚለው ነገር ሲመጣ ነው ጨዋ የሆንኩት። እናቶቹ ባለጌ ይሉኛል አልኩ። ለስሜ ስል የልጅቱን ደም አላየሁም አልኩ፤ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በሚቀጥለው ወርም መጣች። ያንኑ አለች፤ ያንኑ መለስኩ። የውድድሩ ቀን ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ያንኑ መለስኩ። ፎቶ ላይ ያምራል ብዬ ነጭ ቁምጣ ያስለበስኳቸውም እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ትመራ ነበር። ከዚያ ዝቅ ብላ ቁምጣዋን አየችና መሮጫው መሀል ቁጭ አለች። በሁለት እጇ ልትሸፍነው ሞከረች። አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉ ጎረምሶች ይስቃሉ። እኔ ሰዓቴን ይዤ ቆሜያለሁ። ጃኬት ለብሻለሁ፤ አላወለቅሁትም። ከወዲያ በኩል አንዲት ሱዳናዊት ሻይ ሻጭ ስኒዎቿን ጥላ እየሮጠች መጣች፤ ከላይ የተጠቀለለችበትን ሰፊ ጨርቅ፣ ቶቧን፣ ገፍፋ ልጅቱን ጠቀለለቻት።

እኔስ? ሰው ሁሉ እያየኝ ሄድኩና፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ነግሬህ ነበር፣ ኮች" አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ "አማርኛዬ ነው። ቃሉን አላውቀውም። ማሌሽ" ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን! እኔም "ኸላስ፣ አይዞሽ" ብዬ ይቅር አልኳት። ይህን ስነግራችሁ እንኳ ያንን አፌን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ሐኪሙ ደሟ ክፉኛ አንሷል አለ። ወር በወር ከመጠን በላይ ሲፈሳት ቆይቷል፤ ቀደም ብላ ብትመጣ በኪኒን ይስተካከል ነበር አለ። ክለቡ ሌሎች ሁለት ልጆች ወሰደ። ሄለን እስክታገግም ወራት ፈጀባት፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳው አጠገብ እንኳ ማለፍ አቆመች። እናቷ ቤቴ መጥታ፣ የምወቅሳት መስሏት ነው መሰል፣ ራሷን ስትኮንን ቆይታ፣ "አንተ ወንድ ነህ ወንድሜ፣ የሴት ነገር ከየት ታውቀዋለህ?" አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ። አላውቅም ብዬ ነቀነቅሁ።

ጦርነቱ ሲመጣ እናትና ልጅ ወደ ጎንደር ሄዱ። እኔ ወጥቼ ተመልሼ አሁን እዚያው ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ነኝ። ሄለን በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። ያን ቀን እንደ ቀልድ ነው የምታወራው፤ "ያኔ አማርኛ ባውቅ ኖሮ ሯጭ ነበርኩ እኮ፣ ኮች" ትላለች፤ ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ባለፈው ፋሲካም ሳቅሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእሷ ነው፤ እሷም ከሰጠች ቆይታለች። የሰጠችው ግን ላልገባው ሰውዬ ነው። ያ ሰውዬ ኖሮ አያውቅም።